በአናንጉ ገበቴ ላይ የተተኮሰው መስመር ምን ይናገራል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሜልበርን የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ባለቤታቸው በአውስትራሊያ መካከል ካለችው ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ሲመለሱ ያመጡላቸውን ሞላላ የእንጨት ዕቃ ፎቶግራፍ አንሥተው ልከዋል። ዕቃው 58 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ውስጡ ጎድጎድ ያለ ነው፣ በውጭ በኩል በጋለ ብረት የተተኮሱ የሚመስሉ ጥቁር ሞገዳማ መስመሮችና በመካከላቸው ሁለት እንሽላሊቶች ይታዩበታል፤ በአንዱ ጫፍ ደግሞ ስስ ስንጥቅ ጀምሯል። በተንጠለጠለችበት ካርድ ላይ «ፒቲ» እና «ዋልካ» የሚሉ ሁለት ቃላት ሰፍረዋል። ጠያቂዋ «ጌጡ ምን ማለት ነው? ዳቦ ባቀርብበት ነውር ይሆንብኛል? አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ብልከውስ?» ብለዋል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። በእጅዎ ያለው፣ በአውስትራሊያ መካከለኛና ምዕራባዊ በረሃ የሚኖሩትና ራሳቸውን አናንጉ ብለው የሚጠሩት ነባር ሕዝቦች የሚሠሩት ገበቴ ነው። ቅርጹ እጅግ የቆየ ሲሆን፣ ላዩ ላይ ያለው ጌጥ ግን ከቅርጹ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ልጅ ነው። ስለዚህ መስመሮቹን እንደ ፊደል ቆጥሮ፣ ይህ ምልክት ይህን ማለት ነው እያሉ ለመፍታት ከመቸኮል በፊት፣ መጀመሪያ እንጨቱን፣ ቀጥሎ የመሣሪያውን አሻራ፣ በመጨረሻ ተኩሱን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። እኔ በሙዚየም የእንጨት ቅርሶችን የምንከባከብ ባለሙያ እንጂ የአናንጉ ተወላጅ አይደለሁም። እንጨቱ የሚለውን ልነግርዎ እችላለሁ፤ የሠሪዋን ታሪክ ግን ሠሪዋ ራሷ ካልተናገረችው በቀር ማንም ሊናገርላት አይገባም።

ከስሙ እንነሣ፤ ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ከስሙ ነውና። ከአናንጉዎች ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በፒትጃንትጃትጃራ ፒቲ የሚባለው ጥልቀት ያለው ትልቁ መያዣ ነው። ከእርሱ ያነሰው፣ አፈር ለመዛቅና ውኃ ለመቅዳት የሚያገለግለው ዊራ ይባላል፤ ሰፋና ጠፍጠፍ ብሎ የሣር ፍሬ የሚበጠርበት ደግሞ ካኒልፓ ነው። በስተ ሰሜን ያሉት ዋርልፒሪዎች ሕፃን የሚያስተኙበትን ፓራጃ ይሉታል። ሱቆችና መጻሕፍት ሁሉንም በጅምላ «ኩላሞን» ሲሉ ይሰማሉ፤ ይህ ቃል ከበረሃው ርቆ በኒው ሳውዝ ዌልስ ከሚነገረው የጋሚላራይ ቋንቋ የተወሰደ ነው። ባልድዊን ስፔንሰርና ፍራንሲስ ጊለን የተባሉት ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890ዎቹ በመካከለኛው አውስትራሊያ ሲሠሩ የሰሙትን «ፒቺ» ብለው ስለ ጻፉት፣ በድሮ የሙዚየም ካርዶች ላይ የሚገኘው ይኸኛው አጻጻፍ ነው። እኛም አገልግሎትን በስም እንለያለን፤ ሰፌድ ወንፊት አይደለም፣ ሌማትም መሶብ አይባልም። «ኩላሞን» ማለት ሁሉንም «ዕቃ» ብሎ እንደ መጥራት ያለ ነው። የእርስዎ ካርድ «ፒቲ» ማለቱ የጻፈው ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ ያመለክታል።

አገልግሎቱን ሳያውቁ ቅርጹን መረዳት አይቻልም። ሴቶች ለለቀማ ሲወጡ መቆፈሪያ እንጨትና ገበቴ ይዘው ነበር የሚወጡት። የሞላውን ፒቲ በራሳቸው ላይ የሚያኖሩት በማንጉሪ ነው። ማንጉሪ እኛ ማቶት የምንለው ዓይነት፣ ከጸጉር ገመድ ወይም ከሣር ተጠምጥሞ የሚሠራ፣ አንዳንዴም ላባ የሚገባበት ክብ ነው። ውኃ ሲሸከሙ በመንገድ እንዳይፈስስ ቅጠል ወይም ጭራሮ ላዩ ላይ ያንሳፍፉበታል። ሕፃን ተኝቶበታል፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ፍም ተሸክሟል። ካኒልፓ ግን ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ዕቃ ነው። ሴቲቱ የሣር ፍሬውን ከእብቁና ከአሸዋው ጋር ትጨምርበትና በሁለት እጇ ይዛ ታወዛውዘዋለች፣ ዘንበል እያደረገችም ትመታዋለች፤ ከባዱ ወደ አንድ ወገን፣ ቀላሉ ወደ ሌላው ይለያል። እናትዎ ይህን ቢያዩ «ማንገዋለል ነው» ከማለት አያልፉም። ሌላም ነገር አለ። በዚህ መንገድ ከሚጠራው የሣር ፍሬ አንዱ አናንጉዎች ዋንጉኑ የሚሉት ሲሆን፣ የዕፀዋት ሊቃውንት ኤራግሮስቲስ በተባለው ወገን ይመድቡታል፤ ጤፍም የዚሁ ወገን ናት። ደቃቅ ፍሬው በድንጋይ ላይ ተፈጭቶ ሊጡ በረመጥ ይጋገራል።

ይህ የማንገዋለል ጥበብ በአገሪቱ ምዕራብ፣ ፒልባራ በተባለው ግዛት፣ እህልን ተሻግሮ ማዕድን ለማጠብ ውሏል፤ በዚያ አካባቢ ዕቃውም ሥራውም «ያንዲ» ይባላሉ። በ1946 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በግንቦት መጀመሪያ የፒልባራ ነባር ሕዝብ የከብት እርባታ ሠራተኞች ክፍያቸውንና አያያዛቸውን ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፣ ለዓመታት በዘለቀው አድማ ቤተሰቦቻቸውን ካኖሩባቸው መንገዶች አንዱ ማዕድንን ከአፈር በያንዲ እየለዩ መሸጥ ነበር። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ከእርስዎ ጥያቄ ትንሽ የራቅሁ ይመስላል፤ ነገር ግን ገበቴው በሕዝቡ ዘንድ የተከበረው በጌጡ ሳይሆን በሥራው መሆኑን ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

አሁን ወደ እንጨቱ። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ቀላ ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለና ከባድ የሚመስል እንጨት፣ በደረቅ ወንዞች ዳር የሚበቅለው ቀይ ባሕር ዛፍ ይመስለኛል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ወደ እኛ አገር የመጣው የባሕር ዛፍ ወገን ነው፤ ይህኛው ዝርያ ራሱ ዛሬ በአገራችን ቆላማና ወይና ደጋ ቦታዎች «ቀይ ባሕር ዛፍ» እየተባለ ይተከላል። እኛ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ ለምሰሶና ለማገር እንፈልገዋለን፤ የአናንጉ ሠሪ ግን ቀጡን ትታ ጎባጣውን ትፈልጋለች። ግንዱ ያበጠበትን፣ ሥሩ ከመሬት ወጥቶ የተጠማዘዘበትን ቦታ ትመርጣለች፤ ጉብታው ወደፊት የገበቴው ጀርባ ይሆናልና። ቅርጹን ከዛፉ ላይ በመጥረቢያ ዙሪያውን ቆርጣ በሽብልቅ ፈልቅቃ ታወጣዋለች። በጥንቃቄ ከተሠራ ዛፉ አይሞትም። ጠባሳው ሞላላ ሆኖ ዙሪያው በቅርፊት እየተከበበ ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ እንዲህ ያሉ ባለ ጠባሳ ዛፎች በአገሪቱ ደቡብ ምሥራቅ ጭምር ዛሬ እንደ ቅርስ ተመዝግበው ይጠበቃሉ። አንድን ገበቴ ገልብጠው የቃጫውን አካሄድ ሲከተሉት ከጉብታው ጋር አብሮ ከታጠፈ፣ ሠሪዋ ዛፉን ተከትላለች ማለት ነው። ቃጫው ቀጥ ብሎ ከሁለቱም ጫፍ የተቆረጠ ከሆነ ግን ዕቃው ከተሰነጠቀ ጣውላ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ እንዲህ ያለው ፈጥኖ ይሰነጠቃል።

ለስላሳ እንጨት የሚጠቀሙ ደግሞ አሉ። ዋርልፒሪዎችና አረርንተዎች ኢኒንቲ ከተባለው ዛፍ ረጃጅም ቀላል ገበቴዎችን ሲሠሩ ኖረዋል። ኢኒንቲ ቀይ ፍሬው ለአንገት ጌጥ የሚሰካ ዛፍ ሲሆን፣ እኛ ኮርች ከምንለው፣ ቀይ አበባ ከሚያብበው ዛፍ ጋር የአንድ ወገን ዘመድ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ እንደ ቡሽ ይቀልላል፤ ጎኖቹን በረመጥ አሙቆ ወደ ውስጥ ማጠፍም ይቻላል። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ተኩስ የለም፣ ሥዕልም የለም ማለት ይቻላል። ጌጣቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን የሚሮጡ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ቀጫጭን ቦዮች ናቸው፤ በላያቸው ከስብ ጋር የተለወሰ ቀይ አፈር ይቀባል። ቦዮቹ የመሣሪያው አሻራ ናቸው ብለው የሚያልፏቸው አሉ። እውነት ነው፤ የተሠሩት በሙጫ ከእጀታ ጫፍ ጋር በተጣበቀ የድንጋይ ስለት በሚጠርብ መሣሪያ ነው፤ የቦዩ ስፋት የስለቱ ስፋት ነው። ነገር ግን ያው ሠሪ ሌላውን ዕቃ አለስልሶ እየጨረሰ በዚህኛው ላይ ቦዮቹን ከዳር እስከ ዳር ሳያዛንፍ አስተካክሎ ከተወ፣ ይህ ውሳኔ ነው እንጂ ቸልታ አይደለም። በእኔ አስተያየት ከበረሃው ገበቴ ጌጥ ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነው፤ ገበያው ግን እንሽላሊት ያለበትን ይመርጣል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ባለ ቦይ ገበቴ ለምርመራ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቦልኝ ነበር። በመደበኛ መብራት ሲታይ ቀላ ያለ አሮጌ እንጨት ብቻ ነበር። መብራቱን ዝቅ አድርጌ ከጎን ባበራሁበት ጊዜ ቦዮቹ እንደ ታረሰ ማሳ ብቅ አሉ፤ ቆጠርኋቸው፣ በአንዱ ጎን 31 ነበሩ። ከመካከላቸው ሁለቱ ወደ ጫፉ ሲቀርቡ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ፤ እንጨቱ እዚያ ላይ ስለሚጠብብ ሠሪው ለሁለት የሚሆን ቦታ አላገኘም። በሌላው ጫፍ አንድ ስንጥቅ አለ፤ በግራና በቀኙ ሦስት ሦስት ቀዳዳ ተበስቶ በጅማት ተሰፍቷል፣ በስፌቱ ላይም ጥቁር ሙጫ ተለስኗል። ሙጫው ስፒኒፌክስ ከሚባለው እሾሃማ የበረሃ ሣር ተወቅቶ የሚወጣ ነው፤ በእሳት ሲሞቅ እንደ ሰም ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስፌቱ አካባቢ ያለው ቀይ ቀለም በእጅ ብዛት ተፍቆ አልቋል። ስለዚህ ዕቃው ከተጠገነ በኋላ ከቀድሞው ላላነሰ ጊዜ አገልግሏል ብዬ መዘገብሁ።

የጋለ ብረት ወደ ሥራው የገባው ኋላ ነው። የድንጋዩን ስለት ብረት የተካው አውሮፓውያን ወደ መካከለኛው አውስትራሊያ ከዘለቁ በኋላ ሲሆን፣ ደቡቡን ከሰሜን ያገናኘው የቴሌግራፍ መስመር በ1872 ተጠናቅቋል፤ ከእርሱ ጋርና ከእርሱ በኋላ የከብት እርባታ ጣቢያዎች፣ አጥርና የአጥር ሽቦ መጡ። በሽቦ እየተኮሱ ማስጌጥ በስፋት የታየው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው፤ ሚስዮኖችና መንገደኞች የሚገዙት ዕቃ መፈለጋቸውም ሥራውን ገፍቶታል። በ1877 በሉተራውያን በተመሠረተው በኸርማንስበርግ ሚስዮን ያደገው አልበርት ናማትጂራ (1902–1959) በውኃ ቀለም የአገሩን ተራሮች ሥሎ ከመታወቁ በፊት፣ ሙልጋ ከተባለው ጠንካራ የግራር ወገን በተሠሩ ሰሌዳዎችና ዕቃዎች ላይ በጋለ ብረት እየተኮሰ ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ይህ ጥበብ «ከጥንት ጀምሮ ያለ» ተብሎ ሲሸጥ ቢሰሙ አይመኑ፤ «እንግዲያውስ የውሸት ነው» ብለውም አይደምድሙ። ሽቦው የመጣው ለከብት አጥር ነው፤ ሰዎቹ ግን ወስደው በገዛ እንጨታቸው ላይ የገዛ መስመራቸውን አሳረፉበት፤ ይኸው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ የራሱ ሥርዓት ያለው ሆኗል።

በካርድዎ ላይ ያለው ዋልካ የተባለው ቃል በፒትጃንትጃትጃራ ምልክት፣ ንድፍ፣ ጌጠኛ መስመር ማለት ነው። ቃሉ ሰፊ ነው። በ1937 የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን በተመሠረተበት በኧርናቤላ፣ በ1948 የተከፈተው የእጅ ሥራ ክፍል ሴቶች በሱፍ ምንጣፍና በሌሎች ሥራዎች ላይ ያሠፈሩት ተጠማዛዥ ሐረግ መሰል ንድፍም ዋልካ ነው የሚባለው። የኧርናቤላ ሴቶች ንድፉ የተለየ ታሪክ የሌለው፣ ለውበቱ የተሠራ መሆኑን ሲናገሩ ቆይተዋል። ይህ በጥንቃቄ ሊያዝ የሚገባው ነጥብ ነው። በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ የፍጥረትን ዘመን ታሪክና የቦታዎችን ባለቤትነት የሚሸከሙ፣ የሚፈቀድላቸው ሰዎች ብቻ የሚያዩአቸው ምልክቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ የወንዶች ብቻ፣ አንዳንዶቹ የሴቶች ብቻ ናቸው። እነርሱ በገበያ ላይ በሚቀርብ ገበቴ ላይ አይወጡም። ለሁሉም ዓይን የሚወጣው መስመር፣ ሠሪዋ ለሁሉም ይታይ ብላ የፈቀደችው ነው። «ምስጢሩን ንገሩን» የሚል ገዢ ሲመጣ አንዳንድ ሻጭ ምስጢር ፈጥሮ ይሸጥለታል፤ የወረቀቱ ትርጓሜ በረዘመ ቁጥር እኔ ጥርጣሬዬ ይጨምራል።

ይህን ካልሁ በኋላ የእርስዎን ገበቴ መስመር በመስመር እንመልከተው። ከፎቶግራፎቹ ሦስተኛው በቅርበት የተነሣ ስለሆነ ብዙ ያሳያል። ሞገዳማው መስመር በሚጀምርበት ቦታ ጥቁርና ጥልቅ ነው፤ አንድ ስንዝር ያህል ከሄደ በኋላ ወደ ቡናማ ይሳሳል፣ ከዚያ በድንገት እንደገና ጥቁር ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሠሪዋ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ብዙ ሽቦዎችን ፍም ውስጥ ሰክታለች፤ አንዱን አውጥታ ስትተኩስ ሽቦው ይቀዘቅዛል፣ ወደ ፍሙ መልሳው ሌላውን ታወጣለች። እንግዲህ እያንዳንዱ ጥቁር መጀመሪያ አዲስ የጋለ ሽቦ ነው። በእንሽላሊቱ ጀርባ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ደግሞ የሽቦው ጫፍ ቀጥ ብሎ ተጭኖ የወጣባቸው ናቸው፤ መካከላቸው ጎድጎድ ብሎ ዙሪያቸው ወርቃማ ቡናማ የሆነው ሙቀቱ ወደ ጎን ስለ ተስፋፋ ነው። ሁለተኛው እንሽላሊት ላይ ነጠብጣቦቹ ከራሱ እስከ ጭራው እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ ሠሪዋ በአንድ ሽቦ ልትጨርሰው ፈልጋ እንደ ነበር እገምታለሁ።

እንሽላሊቱ ረጅም አንገትና በነጠብጣብ የተሞላ ጀርባ ስላለው ንጊንታካ የሚባለው ይመስላል፤ በአውስትራሊያ ካሉት እንሽላሊቶች በግዝፈቱ የሚበልጠው ይኸው ነው፤ ይበላል፣ በታላላቅ ታሪኮቻቸውም ውስጥ አለ። ሞገዳማዎቹ መስመሮች በሌሎች ሥራዎች ላይ የአሸዋ ክምር፣ የውኃ አካሄድ ወይም የእንስሳ መንገድ ተብለው በሠሪዎቻቸው ተነግረው አንብቤያለሁ፤ በሌሎች ላይ ደግሞ ዋልካ ብቻ ናቸው። በእርስዎ ላይ የትኛው እንደ ሆነ ከመስመሩ ብቻ ሊታወቅ አይችልም። ካርዱ የሠሪዋን ስምና የመንደሯን ስም ከያዘ፣ ሥራውን የሰበሰበው ማኅበር በመዝገቡ ከሠሪዋ የተቀበለው ቃል ሊኖር ስለሚችል ጥያቄውን ወደዚያ ይምሩት።

በነገራችን ላይ ገበቴው ራሱ ምልክት የሆነበት ቦታ አለ። በ1971 በመካከለኛው በረሃ ባለው በፓፑንያ ሰፈር በሰሌዳና በሸራ ላይ መሣል ከተጀመረ በኋላ ዓለም ባወቀው የነጠብጣብ ሥዕል ውስጥ፣ በአሸዋ ላይ እየተሣለ ታሪክ ሲነገርባቸው የነበሩት ምልክቶች ገብተዋል። ከእነርሱ አንዱ የተቀመጠን ሰው የሚወክል ግማሽ ክብ ነው፤ ሰው አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሲነሣ የሚተወው አሻራ ነውና። ከአጠገቡ ሞላላ ቅርጽና ቀጥ ያለ አጭር መስመር ካለ የተቀመጠችው ሴት ናት፤ ሞላላው ገበቴዋ፣ መስመሩ መቆፈሪያዋ ነው። እንግዲህ የእርስዎ ዕቃ ላይ ምንም ባይተኮስበት እንኳ ቅርጹ ብቻውን «ሴት» የሚል ቃል ውስጥ ይገባል።

ከበረሃው ውጭ ነገሩ ሌላ ነው። በደቡብ ምሥራቅ፣ ዛሬ ሜልበርን በቆመችበት አገር፣ ታርኑክ የሚባለው የውኃ መያዣ ከባሕር ዛፍ ጉጥ ተፈልፍሎ ይወጣ ነበር፤ በዚያ አካባቢ በዕፁብ ሁኔታ የተቀረጸው ጋሻ እንጂ ገበቴ አይደለም። በሰሜን የቲዊ ደሴቶች ሰዎች ከዛፍ ቅርፊት አጥፈው የሚሰፉትን ቱንጋ በነጭ፣ በቢጫና በቀይ አፈር ይቀቡታል። ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ርእስ ስለሆነ እዚህ አላሰፋውም።

እውነተኛነቱን በተመለከተ ጠያቂዬ ባይጠይቁም ልናገር። የአውስትራሊያ መንግሥት የምርታማነት ኮሚሽን በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ በነባር ሕዝቦች ጥበብ ስም ለሚሸጡ የመታሰቢያ ዕቃዎች ከሚወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የነባር ሕዝብ እጅ ላልነካው ዕቃ እንደሚከፈል አስታውቋል። በ2019 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት፣ በኢንዶኔዥያ የተሠሩ ዕቃዎችን የነባር ሕዝብ ሥራ አስመስሎ በሸጠ አንድ ድርጅት ላይ 2.3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ወስኗል። የሐሰቱ ተኩስ በማሽን ከሆነ ጥቁረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ሽቦ የሚቀዘቅዝበት ቦታ የለውም። ከዚህ አንጻር የእርስዎ ገበቴ መልካም ምልክት አለው። ኡሉሩ በተባለው ታላቅ ቀይ ዐለት አጠገብ በሙቲጁሉ የሚገኘውን፣ በ1984 የተመሠረተውንና የአናንጉዎች ንብረት የሆነውን ማሩኩ አርትስን የመሰሉ ማኅበራት ከሠሪዎቹ በቀጥታ ስለሚገዙ የእነርሱ ካርድ ያለበት ዕቃ የተሻለ ዋስትና አለው።

ዳቦ ማቅረቡ ነውር አይደለም። ምግብ መያዣ ሆኖ የኖረ ዕቃ ነው፤ ለሽያጭ ተሠርቶ በሠሪዋ ፈቃድ የወጣ ነው። እኔ የማሳስበው ስለ እንጨቱ ነው። ደረቅ ዳቦ፣ ቆሎ ወይም ፍራፍሬ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈው ያቅርቡበት፤ ለገበያ የሚሠሩ ዕቃዎች ማሳመሪያ ዘይት ወይም ቫርኒሽ ሊቀቡ ስለሚችሉ ምግቡ እንጨቱን ባይነካ ይመረጣል። ወጥ፣ ሰላጣ፣ ውኃ አይጨምሩበት፤ በሳሙና አይጠቡት፤ በደረቅ ለስላሳ ቡርሽ አቧራውን ያንሡ። ቅቤም ሆነ የምግብ ዘይት አይቀቡት። እናቶቻችን ገበቴን በቅቤ ያሹ ነበር የሚሉኝ አሉ፤ የዕለት ተዕለት ዕቃ ስለ ነበር ቅቤው በሥራ ብዛት ያልቃል። መደርደሪያ ላይ በሚቀመጥ ዕቃ ላይ ግን ዘይቱ ይሻግታል፣ አቧራ ይይዛል፣ የተተኮሰውን መስመር ከእንጨቱ ጋር አንድ ዓይነት ያጠቁረዋል።

ስንጥቁ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ እንዲቀጥል መተው ግን አይገባም። እንጨት በቃጫው ርዝመት እምብዛም አይኮማተርም፤ በዓመታዊ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ደግሞ ከማዕከሉ ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። የተቆረጠው ጫፍ እርጥበቱን ከሌላው ክፍል ቀድሞ ስለሚያጣ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከጫፍ ይጀምራል። በረሃ ውስጥ የደረቀው ገበቴዎ በሜልበርን ክረምት እርጥበት ጠጥቶ፣ ከዚያ በማሞቂያው አጠገብ በፍጥነት ደርቋል ብዬ እገምታለሁ። ከማሞቂያና ከመስኮት ፀሐይ ያርቁት። ስንጥቁን በሙጫ አይሙሉት፤ እንጨቱ ተመልሶ ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ ያጣና ሌላ ጋ ይቀደዳል። በእርሳስ ሳይሆን በፎቶግራፍ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠው የዛሬውን ርዝመት ይያዙ፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ያንሡት። ደቃቅ ዱቄትና እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀዳዳዎች ካዩ ነቀዝ ነው፤ በፕላስቲክ አጥብቀው ጠቅልለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ ሲያወጡት ቅዝቃዜው እስኪለቅቀው ድረስ ጥቅሉን አይፍቱ።

ወደ አዲስ አበባ መላኩን በተመለከተ፣ በ1986 የወጣው የአውስትራሊያ ተንቀሳቃሽ ቅርስ ሕግ የሚከለክለው ምስጢራዊና ቅዱስ ዕቃዎችን የመሳሰሉትን ነው፤ ለአንዳንድ የቆዩ ዕቃዎችም ፈቃድ ይጠይቃል። ለሽያጭ ተብሎ በቅርቡ የተሠራ ገበቴ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ይሁን እንጂ ደረሰኙንና ካርዱን ከዕቃው ጋር ያድርጉ። ከሕጉ ይልቅ የሚያሰጋኝ አየሩ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ስለሆነ፣ ከሜልበርን ክረምት ወጥቶ በቀጥታ ወደዚያ ቢገባ ስንጥቁ ሊረዝም ይችላል። በሐምሌ ወይም በነሐሴ እንዲደርስ ቢያደርጉትና እናትዎ ከነማሸጊያ ወረቀቱ ጥቂት ሳምንታት ቢያቆዩት፣ ክረምቱ ሲወጣ እንጨቱ ቀስ ብሎ ከቤቱ ጋር ይለምዳል። ከመላክዎ በፊት የገበቴውን ጀርባ በጎን ብርሃን አንሥተው ቢልኩልኝ፣ ከጣውላ ይሁን ከጉብታ የወጣ መሆኑን አይቼ ስንጥቁ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል የሚለውን የተሻለ እርግጠኛ ሆኜ ልነግርዎ እችላለሁ።